ከሥራ ስትሰናበቱ መጀመሪያ የሚታየው ቀኑ ነው፦ የሥራ ክርክር ይርጋ በቀላሉ

የአክስቴ ልጅ ሹፌር ነው። አንድ ድርጅት ውስጥ ስድስት ዓመት ሠርቷል። አንድ ቀን ጠዋት ቁልፉን አስረክብ ተባለና የስንብት ደብዳቤ ተሰጠው። ደብዳቤውን በፕላስቲክ ማኅደር አድርጎ ይዞት ዞረ። መጀመሪያ አለቃውን ለመነ። ከዚያ ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ "በዓሉ ይለፍና እናየዋለን" የሚል መልስ ይዘው መጡ። በዓሉ አለፈ። ሥራ አስኪያጁ መስክ ወጥቷል ተባለ። ከመስክ ሲመለስ ደግሞ ስብሰባ ላይ ነው ተባለ።

በመጨረሻ አብረን ጠበቃ ዘንድ ሄድን። ጠበቃው ለምን እንደተባረረ አልጠየቀውም። ደብዳቤውን ተቀብሎ ዓይኑን የጣለው ግርጌው ላይ ነው፤ የአክስቴ ልጅ "ደርሶኛል" ብሎ ከፈረመበት ቀን ላይ። በጣቱ ቆጠረ። "አራት ወር ከስድስት ቀን" አለ። ከዚያ በኋላ የነበረው ዝምታ እስካሁን አይረሳኝም።

ወደ ሥራው ልመለስ ብሎ መጠየቅ የሚችለው በሦስት ወር ውስጥ ነበር። አጥፍቷል ወይስ አላጠፋም የሚለው ጥያቄ ገና ሳይነሳ ያ በር ተዘግቷል። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ስለዚያ ቀን ነው። ብዙ ሰው እውነት ስላለው ብቻ መቼም ቢሄድ የሚሰማው ይመስለዋል። በሥራ ክርክር ግን እውነቱ ከመታየቱ በፊት ቀን ይታያል።

ይርጋ ምንድን ነው?

ይርጋ ማለት አንድን መብት በፍርድ ቤት ለመጠየቅ ሕግ ያስቀመጠው የጊዜ ገደብ ነው። ቃሉ ከ"ረጋ" የመጣ ነው። የቆየ ነገር ይርጋ፣ ከእንግዲህ አይናወጥ እንደማለት ነው።

ይርጋ ሲያልፍ ዕዳው አልነበረም ማለት አይደለም። አሠሪው ያልከፈላችሁ ገንዘብ አሁንም አልተከፈለም። የተዘጋው ወደ ዳኛው የሚያስገባው በር ነው። መናኸሪያ ትኬት ቆርጦ ዘግይቶ እንደደረሰ ሰው አስቡት። ትኬቱ እውነተኛ ነው፣ ገንዘቡም ተከፍሎበታል፤ አውቶቡሱ ግን ወጥቷል።

ሕጉ ለምን እንዲህ ያደርጋል? ሰዓት መፈረሚያው መዝገብ ይጠፋል። ምስክር የነበረው ባልደረባ ሌላ ከተማ ይገባል። የለቀቃችሁት ቦታ ላይ ደግሞ ሌላ ሰው ይቀጠራል፣ እሱም ቤተሰብ ያስተዳድራል። ስለዚህ በተለይ ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄ ቶሎ እንዲቀርብ ይፈለጋል። ምክንያቱ ይገባኛል። ሆኖም ሦስት ወር ለተባረረ ሰው በጣም አጭር መሆኑን መሸሸግ አልፈልግም። የመጀመሪያው ወር በድንጋጤ ያልቃል፤ ሁለተኛው የቤት ኪራይ በመፈለግ።

ታዲያ ስንት ጊዜ አለን?

አሁን የሚሠራው በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ነው። የተካው የ1996ቱን አዋጅ ቁጥር 377 ነው። የይርጋው ነገር ያለው አንቀጽ 163 ላይ ነው፤ ከአንድ በላይ ሰዓት ያስቀምጣል።

የመጀመሪያው ሰዓት 3 ወር ነው። "ከሕግ ውጭ ነው የተባረርኩት፣ ወደ ሥራዬ ልመለስ" የሚል ሠራተኛ ውሉ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ መክሰስ አለበት።

ሁለተኛው 6 ወር ነው፤ የገንዘብ ጥያቄን ይመለከታል። ያልተከፈለ ደመወዝ፣ ትርፍ ሰዓትና ሌላ ክፍያ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ 6 ወር አለው። ውሉ በመቋረጡ የሚመጣ ክፍያም፣ ለምሳሌ የሥራ ስንብት ክፍያ፣ 6 ወር አለው። የእሱ ግን የሚቆጠረው ውሉ ከተቋረጠበት ቀን ነው። አሠሪውም ከውሉ መቋረጥ ጋር በተያያዘ ከሠራተኛው የሚጠይቀው ገንዘብ ካለ በዚሁ 6 ወር ይታሰራል።

ከእነዚህ ውጭ ያለና የተለየ ጊዜ ያልተቀመጠለት የሥራ ክርክር 1 ዓመት አለው።

ለማነጻጸር ያህል፣ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንድ ሰው ሌላውን በውል ለመክሰስ በመደበኛው 10 ዓመት አለው። ለጎረቤቱ ገንዘብ ያበደረ ሰው 10 ዓመት ይሰጠዋል፤ ከሥራ የተባረረ 3 ወር። "ብድሩን እንኳ ስንት ዓመት ቆይቼ ጠይቄዋለሁ" የሚል ሰው በሥራ ጉዳይ የሚታለለው በዚህ ነው።

የሁለት ዓመት ትርፍ ሰዓት አልተከፈለኝም። ሁሉንም ማግኘት እችላለሁ?

ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው፤ ረጋ ብለን እንየው።

መሶብ አስቡ። ውስጡ በተለያየ ቀን የተጋገረ እንጀራ አለ። የዛሬው ለስላሳ ነው። የባለፈው ሳምንቱ ሻግቷል። ሁሉም አንድ መሶብ ውስጥ ስለሆኑ እኩል አይቆዩም፤ እያንዳንዱ ከተጋገረበት ቀን ይቆጠርለታል።

ደመወዝና ትርፍ ሰዓትም እንደዚያ ነው። የመስከረም ትርፍ ሰዓት መከፈል ከነበረበት ቀን የራሱ 6 ወር ይጀምራል። የጥቅምቱም የራሱ አለው። አንዲት ጥበቃ ሠራተኛ ሁለት ዓመት ሙሉ እሑድና በዓል ገብታ ሳይከፈላት ቀረ እንበል። ዛሬ ብትከስ እና አሠሪዋ ይርጋ ቢያነሳ፣ የምታገኘው መክፈያ ቀኑ 6 ወር ያልሞላውን ነው። ከዚያ በፊት ያለው ሻግቷል። አንድ ወር በዘገየች ቁጥር ከታች አንድ እንጀራ ይጣላል።

"ሥራ ላይ እያለሁ እንዴት እከሳለሁ? በማግስቱ ያባርሩኛል" የሚል መልስ ይመጣል። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም። አዋጁ ግን አንድ ሠራተኛ በአሠሪው ላይ ቅሬታ ስላቀረበ ወይም ስለከሰሰ ማባረር ሕገወጥ ነው ይላል። ወረቀት ላይ ያለ ጥበቃና በር ላይ የሚገጥማችሁ ነገር እንደሚለያዩ አውቃለሁ። ቢያንስ ግን ዝምታው በየወሩ ስንት እንደሚያስከፍል አውቃችሁ ወስኑ።

ቆጠራው ከየት ይጀምራል?

መብቱን መጠቀም ከሚቻልበት ቀን ማግስት። የመጨረሻው ቀን የሥራ ቀን ካልሆነ ወደሚቀጥለው የሥራ ቀን ይሸጋገራል።

በምሳሌ እንየው። ውላችሁ የተቋረጠው ጥቅምት 11 ነው። ቆጠራው ጥቅምት 12 ይጀምራል። ሦስት ወሩ የሚሞላው ጥር 11 ነው፤ ያ ደግሞ ጥምቀት ነው። ፍርድ ቤት ዝግ ነው። ስለዚህ ማግስቱ የሥራ ቀን ከሆነ ጥር 12 ክሱን ማስገባት ይቻላል። ይህን የጻፍኩት ሕጉ እንዲገባችሁ እንጂ እስከ ጥር 12 እንድትጠብቁ አይደለም። በመጨረሻው ቀን መብራት ይጠፋል፣ ሲስተም የለም ይባላል፣ ኮፒ ቤቱ ይዘጋል።

የሚከብደው ደብዳቤ ሳይሰጥ የተባረረ ሰው ነው። አለቃው ስልክ ደውሎ "ለጊዜው አትምጣ፣ እንጠራሃለን" ይለዋል። ሰውየው ቤቱ ይቀመጣል። ከአንድ ወር በኋላ ሲሄድ ዘበኛው "ስምህ ከዝርዝር ወጥቷል" ብሎ ከበር ይመልሰዋል። ውሉ የተቋረጠው በስልኩ ቀን ነው ወይስ በበሩ ቀን? ፍርድ ቤት ሲደርስ አሠሪው የቀደመውን ቀን ይላል፣ ሠራተኛው የኋለኛውን። በዚህ ልዩነት ሦስት ወሩ ሊያልፍም ላያልፍም ይችላል።

እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማችሁ በዚያው ቀን ጻፉት። ማን ደወለ፣ በስንት ሰዓት፣ ምን አለ። የቴሌግራም መልእክት ካለ አትሰርዙ። የስንብት ደብዳቤ ሲሰጣችሁ ደግሞ "ደርሶኛል" ብላችሁ ስትፈርሙ የተቀበላችሁበትን ቀን በራሳችሁ እጅ ጻፉ። አንዳንድ ደብዳቤ ላይ ያለው ቀን ከተቀበላችሁበት ቀን ሁለትና ሦስት ሳምንት ይቀድማል።

ሽማግሌ ልኬ እየጠበቅሁ ነበር። ሰዓቱ አይቆምም?

አይቆምም። የአክስቴን ልጅ የጎዳው ይኸው ነው፤ ከሰማኋቸው ታሪኮች አብዛኞቹም እዚሁ ላይ ያበቃሉ።

ሕጉ ቆጠራው የሚቋረጥባቸውን ሦስት ምክንያቶች ይዘረዝራል። አንደኛው የሥራ ክርክር ለመወሰን ሥልጣን ላለው አካል ክስ ማቅረብ ነው፤ ፍርድ ቤቱ የመጨረሻ ውሳኔ እስኪሰጥ ሰዓቱ ይቆማል። ሁለተኛው አዋጁን እንዲያስፈጽም ሥልጣን ለተሰጠው የመንግሥት አካል አቤቱታ ማቅረብ ነው፤ እሱም የመጨረሻ ውሳኔውን በጽሑፍ እስኪሰጥ። ሰው ድሮ "ሠራተኛና ማኅበራዊ" ይለው የነበረው፣ አሁን ሥራና ክህሎት የሚባለው መሥሪያ ቤት ማለት ነው። ሦስተኛው አሠሪው ራሱ የጠየቃችሁት መብት እውነት መሆኑን በግልጽ ሲያምን ነው።

ቆጠራው ተቋረጠ ማለት ያለፈው ጊዜ ተሰርዞ እንደገና ከመጀመሪያው ይቆጠራል ማለት ነው። በማመን የሚመጣው መቋረጥ ግን ገደብ አለው፤ ከሦስት ጊዜ በላይ አይሠራም። አሠሪው በየጊዜው "አዎ አለብን፣ እንከፍላለን" እያለ ለዘለዓለም ሊያስጠብቃችሁ አይችልም።

አሁን ዝርዝሩን እንደገና እዩት። ሽማግሌ የለበትም። ለሥራ አስኪያጁ የተጻፈ የልመና ደብዳቤ የለበትም። የንስሐ አባት ወይም የሰፈር ትልቅ ሰው በመሃል መግባታቸው የለበትም። ወደ ሥራና ክህሎት ቢሮ ጎራ ብሎ ምክር መጠየቅም አቤቱታ ማቅረብ አይደለም። አቤቱታው በጽሑፍ ገብቶ የመዝገብ ቁጥር ሊኖረው ይገባል።

እርቅ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። በሽማግሌ ያለቀ ጉዳይ ብዙ ጊዜ ከፍርድ ይሻላል፤ ቂም አያስቀርም። ግን እርቁና ክሱ ጎን ለጎን መሄድ ይችላሉ። ክስ አስገብቶ መታረቅ ይቻላል። ጊዜ አሳልፎ መክሰስ ነው የማይቻለው። ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ይህን ቢያውቁት "እኛ እንነጋገራለን፣ አንተ ግን ቀንህን አስከብር" ይሉ ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንድ አሠሪ "አትቸኩል፣ ይርጋ አላነሳብህም" ይላል። ከልቡ ሊሆን ይችላል። ሆኖም በሕጉ መሠረት ይርጋን እንደ መከላከያ አላነሳም ብሎ መተው የሚቻለው ጊዜው ካለፈ በኋላ ብቻ ነው። ጊዜው ሳያልፍ የተሰጠ ቃል ዋጋ የለውም፤ በጽሑፍ ቢሆንም። ስለዚህ ያን ቃል ሰምታችሁ እቤት አትቀመጡ።

ቀኑ ካለፈ በቃ ማለት ነው?

ሁልጊዜ አይደለም። መጀመሪያ የትኛው ሰዓት እንዳለፈ ለዩ። የአክስቴ ልጅ ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄው ቢያልፍበትም 6 ወሩ ገና አልሞላም ነበር። ስለዚህ ጠበቃው ፊቱን ወደ ገንዘቡ አዞረ፦ የሥራ ስንብት ክፍያ፣ ያልወሰደው የዓመት ዕረፍት፣ የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያ፣ ስንብቱ ሕገወጥ ከሆነ ደግሞ ካሳ። ላልተወሰነ ጊዜ የተቀጠረ ሰው ከሕግ ውጭ ሲባረር ካሳው የአማካይ የቀን ደመወዙ 180 እጥፍ ነው። ቀላል ገንዘብ አይደለም። በአራተኛው ወር ላይ ያለ ሰው "አለቀልኝ" ብሎ እቤቱ ከተኛ ይህንንም ያጣል።

ሁለተኛ፣ ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት ካለ ጉዳዩን የሚያየው አካል ጊዜው ያለፈበትን ክስ ሊቀበል ይችላል። ሕጉ በምሳሌነት የሚያነሳቸው አሉ፦ የሠራተኛው መታመም፣ በአሠሪው ትእዛዝ ከመኖሪያው ውጭ መዛወር፣ ለብሔራዊ ግዳጅ መጠራት። ግን እዚህም ሌላ ጠባብ ሰዓት አለ። ምክንያቱ ባበቃ በ10 ቀን ውስጥ ክሱ መቅረብ አለበት። ሆስፒታል ተኝታችሁ ከነበረ ከተሻላችሁ በኋላ ያላችሁ 10 ቀን ነው፤ የሐኪም ማስረጃውን ያኔውኑ ያዙ። ሕጉን አላወቅሁም ነበር ማለት በምሳሌዎቹ ውስጥ የለም።

ሦስተኛ፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ዳኛ ይርጋን በራሱ ተነሳስቶ አያነሳም። ተከሳሹ ነው "ጊዜው አልፏል" ብሎ በመጀመሪያ መቃወሚያ ማንሳት ያለበት። አንዳንዱ ሳያነሳ ያልፈዋል። በዚህ ተስፋ ማድረግ ግን ዣንጥላ ሳይዙ በሐምሌ እንደመውጣት ነው፤ ጠበቃ ያለው አሠሪ መጀመሪያ የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

ቀን የሚቆጠረው በሠራተኛው ላይ ብቻ ነው?

አይደለም፤ ይህንን ብዙ ሠራተኛ አያውቀውም። ሠራተኛው ጥፋት ሠርቷል ብሎ ያለማስጠንቀቂያ ማሰናበት የሚፈልግ አሠሪ ጥፋቱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ 30 የሥራ ቀናት አሉት። ካለፉ በዚያ ጥፋት ማሰናበት አይችልም። ስለዚህ የስንብት ደብዳቤያችሁ ላይ የተጻፈውን የጥፋት ቀን ከስንብቱ ቀን ጋር አስተያዩ። ከስድስት ወር በፊት ታውቆ በዝምታ ያለፈ ነገር ዛሬ ተነስቶ ከሆነ ለጠበቃችሁ ንገሩት።

ክፍያም ላይ ቀን አለ። ውሉ ሲቋረጥ አሠሪው የሚገባውን ክፍያ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መክፈል አለበት። ካዘገየ ፍርድ ቤት እስከ 3 ወር ደመወዝ የሚደርስ ተጨማሪ ክፍያ ሊወስንበት ይችላል።

ይህ ሁሉንም ሠራተኛ ይመለከታል?

አይመለከትም። የመንግሥት ሠራተኞች የራሳቸው ሕግና የአስተዳደር ፍርድ ቤት አላቸው። የሥራ መሪዎች፣ የቤት ሠራተኞች፣ ፖሊስና ወታደር፣ ዳኞችና ዐቃብያነ ሕግ ከዚህ አዋጅ ውጭ ናቸው። ከነዚህ አንዱ ከሆናችሁ እዚህ የጻፍኳቸውን ቁጥሮች አትጠቀሙ፤ የእናንተ ሰዓት ሌላ ነው፣ ቶሎ ጠይቁ።

ምን ይዤ ልሂድ?

የስንብት ደብዳቤ፣ የቅጥር ውል ካለ እሱ፣ የደመወዝ ወረቀት ወይም ደመወዝ የሚገባበት የባንክ ደብተር፣ መታወቂያ። ውል በጽሑፍ ባይኖርም ሥራ መሥራታችሁ በሌላ ማስረጃና በምስክር ሊረጋገጥ ይችላል፤ ውል የለኝም ብላችሁ አትቅሩ። ሠራተኛ ለሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። ይህንን ሳያውቁ "ለመክሰሻ ገንዘብ ላጠራቅም" ብለው ሦስት ወር ያሳለፉ ሰዎች አሉ፤ ስሰማ አንጀቴን ይበላኛል።

ክሱ ሲገባ በእጃችሁ የሚቀረው ኮፒ ላይ ማኅተም፣ የመዝገብ ቁጥርና ቀን መኖሩን አይታችሁ ውጡ። ከተፈረደባችሁ ደግሞ ይግባኝ የራሱ ሰዓት አለው፤ 30 ቀን ነው።

የአክስቴ ልጅ ክሱን ያስገባው በአምስተኛው ወር ሁለተኛ ሳምንት ነው። ወደ መሪው አልተመለሰም፤ ስለ ስንብት ክፍያውና ስለ ዓመት ዕረፍቱ ግን እየተከራከረ ነው። የፕላስቲክ ማኅደሩ አሁንም አብሮት ይዞራል። ከላይ ያለው ወረቀት ግን ተለውጧል፤ የፍርድ ቤቱ ማኅተም ያረፈበት፣ ቀኑ በሰማያዊ ቀለም የተጻፈበት ነው።